«ቅጠል በላ» ስድብ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ በተለይ ባቲና ደሴ ያላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር ስላለ ሳታቋርጡ ጨርሱት። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

ነገሩን ያስነሳው ስድብ ነው። ሰሞኑን እዚሁ ካርቲየ 1 ሁለት የአገራችን ልጆች በማይረባ ነገር ተጣሉና አንዱ ሌላውን «አንተ ቅጠል እየበላህ የመጣህ!» አለው። ተሰዳቢው በጋላፊ በኩል በእግሩ የመጣ ልጅ ነው። ለሌላው ስድብ ሁሉ መልስ ነበረው፤ ለዚህኛው ግን አንገቱን ደፋ። ተሳዳቢው ደግሞ ይህን ሲናገር ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ነበር። በየቀኑ ከአገራችን እየተጫነ የሚመጣውን ቅጠል በገንዘቡ ገዝቶ የሚያኝክ ሰው፣ ነፍሱን ለማቆየት ቅጠል የቀመሰውን ሲያዋርድ መስማት ያስቃልም ያናድዳልም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ ከዱር ለቅሞ መብላት ነውር የሆነው መቼ ነው?

ቋንቋችን ራሱ ሌላ ነገር ይመሰክራልና። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንላለን። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ አይደለም ያወጣው፤ አጋም በእጁ የለቀመ ሰው ነው። አጋም እሾሃም ነው፤ ቁልቋል ሲወጋ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ሁለቱም ደረቅ ዳገት ላይ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። «ሾላ በድፍን» የምንለውም እንዲሁ ነው። ሾላ ከፍቶ ያየ ያውቀዋል፤ ውስጡ በጥቃቅን ነፍሳት የተሞላ ነው። (እነዚያ ነፍሳት ባይገቡበት ሾላው ዘር አያፈራም፤ የዛፉ አዋላጆች ናቸው።) ሳይከፍቱ መብላት ይሻላል ያለው የሾላ ዛፍ ሥር ያደገ ነው። ደግሞም እንቁጣጣሽ ሲመጣ በየቤቱ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባል ነበር። ይህች አባባል የገበሬው ዓመት እንዴት እንደሚሄድ በአንድ መስመር ትናገራለች። ክረምት ላይ ጎተራው ይራቆታል፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፣ በዚያ መሃል ቤተሰቡን የሚያሻግረው አረንጓዴ ነገር ነው። ያ አረንጓዴ ሁሉ ደግሞ ከጓሮ አይመጣም።

ክረምት ላይ ሴቶች ከየአጥሩ ሥርና ከየማሳው ዳር የሚለቅሙት ብዙ ነበር። አሉማ አለ፣ ከእርሻ ውስጥ አረም ተብሎ የሚነቀል ግን ተቀቅሎ የሚበላ። ሳማ አለ። ሳማ በእጅ ሲነኩት እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ ውስጥ ሲፈላ ግን መለብለቡን ይተዋል፣ ለስላሳ ጎመን ይሆናል። እናቴ ሳማ ስትለቅም እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጫፉን ብቻ እየቀጠፈች ነበር። ይህንን ማንም ረሃብ አይለውም ነበር፤ ወጥ ነው።

የእረኛውማ ሌላ ዓለም ነው። ጠዋት ከብት ይዞ የወጣ ልጅ ማታ እስኪመለስ የሚበላው ቁራሽ ብቻ አልነበረም። አጋም፣ እንጆሪ፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ ዶቅማ፣ እሸ፣ ሾላ፤ ጣት ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቀው ጣፋጩ የዋንዛ ፍሬ፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ቁርቁራና ሁመር። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወንድሞቼ አጋምን ሃጋምሳ፣ ዋንዛን ወዴሳ ትሉታላችሁ፤ ያው አንድ ዛፍ ነው፣ ያው አንድ ልጅነት ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ደርሶ ሲመለስ፣ በፈረንጅ 1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዋንዛንና ቁልቋልን በስማቸው ጠርቶ፣ በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓ አሳይቷል። ለእሱ ብርቅ ነበሩ። ለእረኛው ምሳ ናቸው።

እንዲያውም ቅጠልና ሥራሥር መብላት የክብር ምልክት የሆነበት ቦታ አለን። ዋልድባን አስቡ። እዚያ እህል አይቀመስም፤ መነኮሳቱ የሚኖሩት ቋርፍ በሚሉት፣ ከሙዝና ከሥራሥር በሚዘጋጅ ምግብ ነው። በየገድሉም የምናነባቸው ባሕታውያን የዱር ቅጠልና ፍሬ እየበሉ የኖሩ ናቸው፤ ስማቸውን ስንጠራ እናማትባለን። እንግዲህ መነኩሴው ሲበላው ተጋድሎ፣ ድሃው ሲበላው ውርደት የሚሆን ቅጠል ምን ዓይነት ቅጠል ነው? ልዩነቱ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን በዓይናችን ላይ ነው ማለት ነው። የዓይናችን ነገር ከተነሳ ደግሞ አንድ የማያኮራ እውነት አለ። ከዱር የሚኖረውን ሰው መናቅ በደገኛው ዘንድ የቆየ ነው። ጣና ዳር ወይጦን፣ ከፋ ውስጥ ማንጆን፣ «የማይበላ ይበላሉ» እያልን ማዕድ ሳንቆርስ፣ ሳንጋባ ኖረናል። ስደት ላይ ሆነን ሌሎች በምንበላውና በምንለብሰው ሲንቁን የሚያመን ሰዎች ይህን ማስታወስ ይኖርብናል።

ቢሆንም ዛሬ «ቅጠል በላ» የሚለው ቃል የያዘው ምሬት ከዚያም የተለየ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ምሬቱ የመጣው ከክፉ ቀን ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ነው የጠሩት፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም። መነሻው ከብት ነው። ጣሊያኖች ለጦራቸው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገባ። ስሙን ተመልከቱ፣ «ደስታ» ነው የሚባለው፤ ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያለ ስም እንዳወጣለት እንጃ። በሽታው በጥቂት ጊዜ አገሪቱን አዳርሶ፣ ከመቶ ዘጠናው ከብት አለቀ ተብሎ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና አይጥ የቀረውን ጨረሱት። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲከተሏቸው እንዳደረጉ በታሪካቸው ተጽፏል። እንግዲህ ንጉሥ ዶማ ሲይዝ ገበሬው ምን እንደያዘ መገመት አያቅትም፤ ዱር ገባ። ቅጠልና ሥር የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል ገባ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ከዱር አልተመለሰም። (ያ በሽታ በፈረንጅ 2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ለእኛ 120 ዓመት ዘግይቷል።)

ከዚያ በኋላ «ሰዉ ቅጠል በላ» ማለት የአገር ጥፋት መለኪያ ሆነ። በ1928 ጣሊያን ዳግም ሲመጣ ዱር የገቡት አርበኞችም በሥራሥርና በፍሬ ነፍሳቸውን አቆይተዋል፤ እሱ ግን ጀግንነት ስለሆነ ማንም አልተሰደበበትም። የገበሬው ግን ስሙ አልተነሳም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ አገራችን ረሃብ ባጠኑት ሥራ በደንብ እንዳሳዩት፣ የረሃብ ወሬ ከወረዳ ተነስቶ ላይኛው መንግሥት ጋ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር። ጎመን ሲለቀም ማንም አይሰማም። እህል ሲያልቅም ማንም አይሰማም። ሰው የማይበላ ቅጠል መብላት ጀመረ ሲባል ነው ወሬው ወሬ የሚሆነው። በ1966 የወሎ ረሃብ እንዲህ ነበር፤ በ1977ም እንዲህ ነበር። የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ካሜራ የያዘው መሐመድ አሚን ጥቅምት 1977 ኮረም ደርሰው ያነሱትን ዓለም አየው፤ በዚያ ምስል ውስጥ ያለነው ሰዎች እስከ ዛሬ በየደረስንበት እንጠየቅበታለን። በቅርቡም በ2013 በትግራይ ጦርነት ሰዎች ቅጠል እየቀቀሉ ሲበሉ እንደነበር በዓለም ዜና ወጥቷል። ስለዚህ ቅጠል የሚለው ቃል ዛሬ ሳህን ላይ ያለውን ነገር አይደለም የሚያሳየን፤ መንግሥት የረሳውን ሰው ነው። ስድብ መሆን ካለበትም የረሳው ላይ ነው መለጠፍ ያለበት።

እናቴ በ1977 ባቲ መጠለያ የገባች ልጅ ነበረች። እሷ ስታወራ የምሰማው ግን ከፊልሙ ጋር አይገጥምም። ፊልሙ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ሞቱን ይጠብቃል። የእናቴ ወሬ ውስጥ ሰው ሥራ ላይ ነው። አያቴ ቅደም ተከተል ነበራት፤ መጀመሪያ ዱቄቱ በአሉማ ይበረዛል፤ ቀጥሎ ዱቄቱ ለልጆቹ ብቻ ይሆንና ትልልቁ ሰው በለስና ቁርቁራ ይበላል፤ ሳማ እስካለ ድረስ ሳማ፤ ሥር መቆፈር የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ሥር ለመቆፈር ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ደግሞ ያኔ ከእህል ይወደዳል። በሬው እስከ መጨረሻው አይሸጥም። ጎረቤት ያላወቀው ዛፍ ያለበትን ቦታ ለጎረቤት መንገር ግዴታ ነበር፤ ያልነገረ ሰው ኋላ በሰላሙ ቀን ይጠየቅበታል። ይህ ሁሉ ሕግ ነው። ሳይጻፍ የኖረ ሕግ። ባቲ የወረዱት ሕጉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያው ዓመት አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፣ እንደሚገባው ስለማይወራ። ደርግ በ1977 እና 78 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚሆን ሰው ወደ ምዕራብ አሰፈረ፤ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ። አስቡት፤ የደረቀ ዳገት ሰው ድንገት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ተጣለ። ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ግን አንዱንም አያውቀውም። መተከል ላይ ያንን ጫካ የሚያውቁት ጉሙዞች ናቸው። ክረምት ላይ የቀርከሃ እንቡጥ ይቆርጣሉ፣ ኩድራ ይለቅማሉ፣ ሥሩን ከነወቅቱ ያውቁታል። ሰፋሪው ግን ጎረቤቱን የሚጠራበት ስም ስድብ ነበር። መሬታቸው ያለፈቃዳቸው የተወሰደባቸው ሰዎች፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጫካቸው እየተመነጠረ በደገኛ አፍ ሲሰደቡ ኖሩ። ዛሬ በዚያ አካባቢ የምንሰማውን ደም መፋሰስ ሁሉ በዚህ አይደለም የምተረጉመው፤ ግን ንቀቱ የጀመረው ከሳህን ነው ብል አላጋነንሁም።

ስለ ጫካ ስናወራ ሁሌ የሚጠቀስ ቁጥር አለ፦ «ከመቶ ዓመት በፊት አገራችን 40 በመቶ ደን ነበረች»። ትምህርት ቤት ሁላችንም ሸምድደነዋል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጀምስ ማካን መነሻውን ሲመረምር ጠንካራ ማስረጃ የሌለው፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተገለበጠ የመጣ ቁጥር ሆኖ ነው ያገኘው። ደን አልጠፋም ማለቴ አይደለም፤ ጠፍቷል። ግን ቁጥሩ ገበሬውን ብቻ ጥፋተኛ ለማድረግ እንዴት እንደሚመች እዩት። በሰሜኑ ደጋ የቀረውን የአገር በቀል ዛፍ ያቆየው ማን ነው ካላችሁ ደግሞ፣ በብዛት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። «እመጓ»ን ያነበባችሁ ደራሲውን ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴን ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፣ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው ያጠናው። ብዙ ቦታ ላይ የእረኛ ምሳ የነበረው ዛፍ ዛሬ የሚገኘው ቅጥር ውስጥ ነው።

የሚበሉ የዱር ተክሎቻችንን በምሁር ዓይን የመዘገቡ የራሳችን ሰዎችም አሉ። አማረ ጌታሁን የዱር ተክል በአገራችን ምግብ ውስጥ ስላለው ቦታ የጻፈው በፈረንጅ 1974 ነው፤ ወሎ በተራበበት ሰሞን ማለት ነው። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የተክሎችን ስም በየቋንቋችን ሰብስቦ ትልቅ መዝገብ አዘጋጅቷል። ዘመደ አስፋው ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሠርቷል። እነዚህ ጽሑፎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ጋላፊ ላይ በእግሩ የሚሄደው ልጅ እጅ አልደረሱም።

አሁን ወደ መንገዳችን ልምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የወሎ ልጅ ከባቲ ወርዶ አፋር ሲገባ ከሚያውቀው ዛፍ ሁሉ ይለያል። አፋሮች ጋርሳ የሚሉት ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ሁሌ አረንጓዴ። የሚገርመው ድርቅ ሲበረታ ነው በደንብ የሚያፈራው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ጋርሳ አብዝቶ ሲያፈራ ሲያዩ ደስ አይላቸውም፤ ክፉ ዓመት መጣ ይላሉ። የበሰለው ፍሬ እንዲሁ ይበላል። ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ግን ረጅም ሰዓት መቀቀል፣ ውሃውም እየተደፋ መለወጥ አለበት፤ ሲቀቀል ሽታው ከባድ ነው፤ ሳይበስል ወይም ከመጠን በላይ ከተበላ ሆድ ያስቸግራል። የአፋር ሴቶች ይህን ያውቁታል። ድስትም ውሃም የሌለው መንገደኛ ግን ዕውቀቱ ቢኖረውም አይጠቅመውም። በረሃ ላይ ውሃ የሌለው ሰው ደረቅ ነገር መብላቱ ጥሙን ነው የሚያብሰው። አሳል ሐይቅ አካባቢ ወገኖቻችን የወደቁት በረሃብ ሳይሆን በጥም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን፣ ልጆች ያላችሁ፣ ወንድም ልትልኩ ያሰባችሁ፣ በደንብ አንብቡልኝ። «የተራበ ሰው ያገኘውን ይበላል» የሚባለው ሐሰት ነው። የአገራችን ሰው ያገኘውን በልቶ አያውቅም፤ መርጦ ነው የበላው፣ ያልመረጠ ሞቷል።

አጋምና መርዝ የሚባለው ተክል ዘመዳሞች ናቸው፤ ወገናቸው አንድ ነው። መርዝን ምረንዝ የሚሉትም አሉ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ነው። ስሙ እንደሚለው ነው፤ ድሮ ቀስት የሚመረዝበት ነው። ጥቁር የበሰለ ፍሬውን የሚበሉ አሉ፣ ጥሬው፣ ቅጠሉና እንጨቱ ግን ይገድላል። ሁለቱን የሚለያቸው እሾህ ነው፤ አጋም እሾህ አለው፣ መርዝ እሾህ የለውም። እሾህ የሌለው «አጋም» አይበላም። አለቀ።

ጦቢያው የሚባለውን ደግሞ እዚህ ጅቡቲ በየአሸዋው ታዩታላችሁ። ሰፋፊ ቅጠል፣ እንደ አረንጓዴ ፖም ያበጠ ፍሬ። ለተጠማ ሰው ዓይን ውሃ የያዘ ይመስላል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ሐር የመሰለ ጭገር ብቻ ነው ያለው፤ ነጭ ወተቱ መርዝ ነው፣ ዓይን ከገባ ያሳውራል። እምቧይም እንዲሁ፣ ቢጫው ፍሬው ያምራል፣ አይበላም። አሞጭ የሚባለው ሥር ጥሬውን ከተቀመሰ አፍና ጉሮሮን በመርፌ እንደወጉት ያደርጋል፤ በደቡብ ኮንሶና ደራሼ አካባቢ በችግር ጊዜ የሚበላው አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ጋግረው ነው። የዱር ባይሆንም ጓያን እዚህ ልጨምረው። ድርቅ ሲመጣ ማሳ ላይ የሚተርፈው እሱ ስለሆነ ሰው ለወራት እሱን ብቻ ይበላል፣ ከዚያ እግሩ ይሰበራል፤ የተሰበረው አይመለስም። ጎንደርና ወሎ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች ያየ ያውቃል። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ይህንንም ያወቁት እናቶች ናቸው።

ጅቡቲን በሙሉ አሸዋ የምታደርጓት አላችሁ፤ አይደለችም። ከባሕሩ ማዶ፣ ከታጁራ በላይ፣ ጎዳ ተራራ ላይ ዴይ የሚባል ደን አለ፤ ዛፉ የእኛው የደጋ ጥድ ነው። ዛሬ ብዙው ደርቆ ቆሟል፣ ግን ያው ጥድ ነው። እዚሁ ሰፈራችን ደግሞ ለሱማሌ ጎረቤቴ ቁርቁራን በእጄ እየሳልሁ ስገልጽላት «ጎብ!» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው አንድ ከረጢት አረንጓዴ ዱቄት አወጣች። ቀሲል ነው። እህቶቻችን ለፊትና ለፀጉር ብለው ከገበያ የሚገዙት ቀሲል ከዚሁ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ ነው። አያቴ ልጆቿን ያቆየችበት ዛፍ እዚህ መዋቢያ ሆኖ ይሸጣል። ያንን ልጅ፣ የተሰደበውን፣ ፈልጌ አሳየሁት። መንገድ ላይ ሦስት ቀን ያቆየው ቁርቁራ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገረኝ፤ አንድ የአፋር ሽማግሌ ናቸው ዛፉን በዱላቸው ያመለከቱት።

እንግዲህ ልመናዬ። ባቲ፣ ወረባቦ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ከቻላችሁ የአጋምና የመርዝ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሡና ላኩልኝ። እናቶች በየሰፈሩ ምን እንደሚሏቸው ስሙን ጻፉበት፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአፋርኛም። እዚህ አሳትሜ፣ ገና የሚመጡትም ያሉትም እንዲያዩት፣ ልጆቹ በሚያድሩበት ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ፎቶው ላይ እሾሁ በደንብ ይታይ።